የአርክቴክት ቢሮና ኢንሹራንስ፤ የትኛው? እስከ መቼ?

ትምህርታችንን ጨርሰን ከዩኒቨርስቲው ስንወጣ ምን እንሠራለን የሚለው ጥያቄ በመኝታ ክፍልም በምግብ አዳራሽም የዘወትር መነጋገሪያችን ነው። ከአርክቴክቸርና ከሕንጻ ምሕንድስና ክፍል ያሉ ብዙ ጓደኞቻችን የመንግሥት ሥራ ከመጠበቅ ይልቅ ሁለትና ሦስት ሆነው የራሳቸውን ቢሮ ለመክፈት ያስባሉ። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ውይይታቸውን ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ስለ ሙያ ፈቃድ፣ ስለ ንግድ ምዝገባ፣ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መጀመሪያው ደንበኛ ነው። ስለ ኢንሹራንስ የሚናገር አይገኝም። ቢነሣም «እሱ ትልቅ ከሆንን በኋላ ይታሰባል» ተብሎ ይዘጋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አሳብ አጭር ነው። የአርክቴክት ቢሮ ዋና አደጋ እንደ ሱቅ ወይም እንደ ወፍጮ ቤት አደጋ ዛሬ ደርሶ ዛሬ የሚያልቅ አይደለም። ንድፉ ዛሬ ይፈረማል፤ ጥያቄው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ኢንሹራንስ ስንመርጥ «ስንት ብር?» ብለን ብቻ ሳይሆን «እስከ መቼ?» ብለንም መጠየቅ ይገባናል።

፩. ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የእድር አባል የሆነ ሁሉ መሠረቱን ያውቀዋል። ብዙዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ሐዘን የደረሰበት አንዱ ከተዋጣው ይረዳል። ኢንሹራንስም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ከእድር የሚለየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አረቦን የሚባለው መዋጮ ለሁሉ እኩል ሳይሆን እንደ እያንዳንዱ ሰው የአደጋ መጠን ይወሰናል። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ በጉርብትና ሳይሆን ፖሊሲ በሚባል ጽሑፍ የታሰረ ነው፤ በጽሑፉ ያልገባ ነገር በይሉኝታ አይከፈልም። ሦስተኛ፣ የንብረት ኢንሹራንስ የደረሰውን ጉዳት ለመካስ እንጂ ለማትረፍ አይደለም። ይህንንም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 678 ደንግጎታል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ከአሮጌው ሕግ ብዙ ክፍል ቢሻርም፣ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል ግን አልተሻረም።

የቤት ኢንሹራንስ አጀማመር ለእኛ ሙያ የቀረበ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1666 የለንደን ከተማ ተቃጥላ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ። ከዚያ በኋላ ቤቶችን ከእሳት አደጋ የሚዋስ ድርጅት በ1680ዎቹ መጀመሪያ ካቋቋሙት ሰዎች ዋናው ኒኮላስ ባርቦን ሲሆን፣ ሰውዬው ራሱ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እንግዲህ ሕንጻና ኢንሹራንስ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤቶች ናቸው ማለት ነው።

በአገራችንም በ1967 ዓ.ም. 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው በምትካቸው የኢትዮጵያ ኢንሹራንስ ድርጅት ብቻውን ቆሞ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 86 በሩን እንደገና ለግል ኩባንያዎች ከፈተ። ስለዚህ ዛሬ መምረጥ ይቻላል። መምረጥ ከተቻለ ደግሞ ምርጫውን ማወቅ ግዴታ ይሆናል።

፪. ለምሳሌ የሚሆነን ቢሮ

ምሳሌያችንን ከአዲስ አበባ አርቀን መርጡለ ማርያም ላይ እናድርገው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት፣ ኢንሹራንስ የትልቅ ከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አሳብ በመካከላችን ስላለ ነው። መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ያሠራችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ከነውብ የድንጋይ ላይ ቅርጹ፣ በዚያ ይገኛል። ሕንጻ ከሠሪው ዕድሜ በላይ እንደሚኖር፣ ሠሪውም ካለፈ በኋላ በሥራው እንደሚታወስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

እንግዲህ ሦስት ተመራቂዎች በዚህች ከተማ ሁለት ክፍል ተከራይተው ቢሮ ከፈቱ እንበል። ሁለት ነዳፊዎችና አንድ ዘበኛ ቀጠሩ። ሦስት ኮምፒዩተር፣ አንድ የንድፍ ማተሚያ፣ አንድ የቅየሳ መሣሪያና አንድ ሞተር ብስክሌት አላቸው። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው በከተማው ዳር ለሚገኝ ትምህርት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት መንደፍና ግንባታውን መቈጣጠር ነው። ቦታው ሜዳ ነው፤ አፈሩም ዋልካ ነው። ቢሮውም ሥራውም ለትምህርታችን የፈጠርናቸው ናቸው፤ አፈሩ ግን የታወቀ ነው።

በዚህ ቢሮ ላይ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ በአምስት ክፍል እንመልከተው።

ሀ) በራሳቸው ንብረት ላይ የሚደርስ

እሳት፣ መብረቅ፣ የቤት ሰበራ ስርቆት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የሚቃጠል መሣሪያ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የእሳትና የመብረቅ ፖሊሲ ስርቆትን አይጨምርም፤ ስርቆት በሌላ ፖሊሲ ይገዛል። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብልሽትም ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጠየቃል። የቅየሳ መሣሪያው ደግሞ ቢሮ ውስጥ ብቻ ሳለ ነው ወይስ ሜዳ ላይ ሲወጣም ነው የሚሸፈነው? ይህ ካልተጻፈ ከሞተር ብስክሌት ላይ ወድቆ የተሰበረው መሣሪያ ካሳ ላያገኝ ይችላል።

በዚህ ክፍል ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዋጋው ላይ ነው። የቢሮው ንብረት በገበያ 1,200,000 ብር ያወጣል እንበል። አረቦኑ እንዲቀንስ ብለው 600,000 ብር ነው ብለው አስመዘገቡ። በኋላ 300,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ተቃጠለ። እነሱ የሚጠብቁት 300,000 ብር ነው። ነገር ግን ንብረቱ የተመዘገበው በግማሽ ዋጋው ስለ ሆነ፣ በንብረት ፖሊሲዎች ላይ በተለመደው የመመጣጠን አንቀጽ መሠረት የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለት 150,000 ብር ነው። ለቀረው እንደ ራሳቸው ዋሶች ተቈጥረዋል። ይህን ስሕተት ሳይዋሹም መፈጸም ይቻላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃን ከዚያ በፊት በነበረው ዋጋ አስመዝግቦ የተወ ሰው ሳያውቀው በግማሽ ዋጋ የተዋሰ ሆኗል። ስለዚህ የንብረቱ ዋጋ በየዓመቱ እድሳት ጊዜ እንደገና መታየት አለበት።

ለ) በሠራተኞች ላይ የሚደርስ

ነዳፊው ግንባታ ለማየት ወጥቶ ከመወጣጫ እንጨት ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። በጡረታ ሕግ ወይም በሌላ መንገድ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ቢሆን የካሳው መለኪያ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በወር 8,000 ብር የሚከፈለው ነዳፊ በዓመት 96,000 ብር፣ በአምስት ሲባዛ 480,000 ብር ይሆናል። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ሌላ ነው። ለአዲስ ቢሮ ይህ መዘጊያ ነው። ለዚህ የሚሆነው ፖሊሲ የሠራተኞች የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ይባላል፤ አረቦኑም የሚሰላው ከደመወዝ ዝርዝር ላይ ነው። በዝርዝሩ ያልገባ ሠራተኛ፣ ለምሳሌ «ጊዜያዊ ነው» ተብሎ የቀረ ዘበኛ፣ ከሽፋኑ ውጭ ይቀራል።

ሐ) በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ

ሞተር ብስክሌቱ መንገደኛ ቢገጭ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይመለከተዋል፤ ይህንም በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ አድርጎታል። ነገር ግን ቢሮው ሊጠይቅ የመጣ ባላገር በተሰበረ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ቢሰበር የመኪና ኢንሹራንስ አይረዳም። ለዚህ የሕዝብ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚባል አለ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅም ማስታወስ ያስፈልጋል።

መ) ከሙያው የሚመጣ

ይህ ዋናው ክፍል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መከተል እንዳለበት፣ በግዴለሽነትም የሙያውን የታወቀ ሕግ ቢተላለፍ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ የተሳሳተ ስሌት፣ የጐደለ የንድፍ ዝርዝር፣ ሳይመረመር የታለፈ አፈር፣ በጊዜው ያልታየ የግንባታ ጉድለት ሁሉ በሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ሥር የሚገቡ ናቸው። የሕዝብ ኃላፊነት ፖሊሲ የሙያ ስሕተትን ብዙ ጊዜ በግልጽ ያወጣዋል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው።

ሠ) ከጦርነትና ከሁከት የሚመጣ

የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ሕንጻ በጦርነት ጊዜ እንደ ተጎዳ ታሪክ ይናገራል። በዘመናችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ለብዙ የንግድ ድርጅት የፖሊሲውን ጀርባ እንዲያነብ አስተምሮታል። የተለመደው የእሳት ፖሊሲ ጦርነትን፣ የእርስ በርስ ጦርነትን፣ ዐመፅንና ሁከትን አይሸፍንም። ኢንሹራንስ ሰጪዎች ለዚህ የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ሽፋን የሚባል ለብቻው ይሸጣሉ። ይህንም ሲገዙ ቃሉን መመርመር ነው። «ሁከት» ተብሎ ተጽፎ «የእርስ በርስ ጦርነት» የተተወ እንደ ሆነ፣ ቢሮው የተቃጠለው በየትኛው ነው የሚለው ክርክር በኋላ ይመጣል።

፫. ዐሥር ዓመትና አንድ ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዋልካ ምን ዐይነት አፈር እንደ ሆነ የጎጃም ልጅ ሳይማር ያውቀዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ ላይ ያረፈ መሠረት በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ጉዳቱ ግን በመጀመሪያው ዓመት ላይታይ ይችላል። ቤተ መጻሕፍቱ ተመርቆ፣ ሪባኑ ተቈርጦ፣ ክፍያው አልቆ፣ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሮጥ ስንጥቅ ይወጣል።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ሥራው ደኅና ሆኖ ስለ መሠራቱና ስለ ጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሥራው በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት የሚደርሰውንም ጥፋት ይጨምራል፤ ዘመኑን በውል ማሳጠርም አይቻልም። ይህ ዐሥር ዓመት ከየት መጣ ቢሉ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አርክቴክቱንና ሠሪውን ለዐሥር ዓመት ኃላፊ አድርጎ ነበር። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድም ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ፈረንሳዮች ነገሩን እዚያ ላይ አላቆሙትም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ባወጡት ሕግ ለዚህ ዐሥር ዓመት ኢንሹራንስ መግባትን ግዴታ አደረጉ። ኃላፊነት ያለ ገንዘብ ባዶ ቃል መሆኑን ተረድተው ነው።

አንዳንድ ጓደኛ «ቁጥር 3039 የሚናገረው ስለ ተቋራጩ ነው፤ እኛን ነዳፊዎቹን አይነካንም» ይል ይሆናል። ይህ አያዋጣም። በመጀመሪያ፣ የተከሰሰው ተቋራጭ የሚሰጠው መልስ «እኔ የሠራሁት በተሰጠኝ ንድፍ መሠረት ነው» የሚል ነው። ሁለተኛም፣ ቢሮው ከትምህርት ቤቱ ጋር የራሱ ውል አለው። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ሌላ የተለየ ሕግ ከሌለ በቀር በቁጥር 1845 መሠረት የሚታገደው በዐሥር ዓመት ነው። እንግዲህ በሰባተኛው ዓመት የተሰነጠቀው ግድግዳ የነዳፊውንም በር ያንኳኳል።

ኢንሹራንሱስ? የሙያ ኃላፊነት ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ ዘመኑ አንድ ዓመት ነው። ከዚህም በላይ በአብዛኛው የሚሠራው ስሕተቱ በተፈጸመበት ጊዜ ሳይሆን የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ነው። ይህ ልዩነት በደንብ ሊጤን ይገባዋል። የምሳሌያችን ቢሮ ንድፉን በፈረመበት ዓመት ኢንሹራንስ ነበረው እንበል። ግንባታው ሲያልቅ «ሥራው ተጠናቋል፣ ለምን በከንቱ እንከፍላለን?» ብሎ ተወው። በሰባተኛው ዓመት ጥያቄ ሲመጣ አሮጌውን ፖሊሲ ይዞ ወደ ኩባንያው ቢሄድ የሚያገኘው መልስ «ጥያቄው በቀረበበት ቀን ደንበኛችን አልነበራችሁም» የሚል ነው። ኩባንያው አላታለለም፤ በፖሊሲው የተጻፈው ይኸው ነው። ሽማግሌዎች «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

መፍትሔውስ ምንድን ነው? ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ፖሊሲውን ሳያቋርጡ በየዓመቱ ማደስ ነው። ኩባንያ ቢቀየርም እንኳ አዲሱ ፖሊሲ ወደ ኋላ የሚቈጠርበት ቀን ከመጀመሪያው ሥራ በፊት እንዲሆን ማስጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ቀን ካልተጻፈ አዲሱ ኩባንያ ለአዲስ ሥራ ብቻ ይዋሳል፤ የቀድሞው ሥራ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ለአንድ ትልቅ ሥራ ብቻ የሚሆን ፖሊሲ መግዛት ነው። ይህ የግንባታውን ዘመንና ከርክክብ በኋላ የተወሰኑ ዓመታትን እንዲይዝ በድርድር ሊዘጋጅ ይችላል። አረቦኑንም በንድፉ ዋጋ ውስጥ አስገብቶ ከአሠሪው ጋር መነጋገር ይቻላል።

ሦስተኛው ቢሮው ሲዘጋ ወይም ሸሪኮቹ ሲለያዩ የሚያስፈልገው ነው። ከሥራ ከወጡ በኋላም ለቀድሞው ሥራ የሚቀርብ ጥያቄን የሚሸፍን የማራዘሚያ ጊዜ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስት ጓደኞች ቢሮ ሲከፍቱ ስለ መለያየት ማንሣት ነውር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቢሮው ቢዘጋም ፊርማው አይዘጋም። የማኅበሩ ዐይነት ኃላፊነትን ቢወስንም፣ በራሱ የሙያ ጥፋት የሚጠየቅ ሰው ከማኅበሩ ስም ጀርባ ይደበቃል ማለት አይደለም።

፬. የሙያ ኃላፊነት ፖሊሲ ሲነበብ

ስለ ዘመኑ ከተረዳን በኋላ ቀጥሎ የሚታየው መጠኑ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ 40 ሚሊዮን ብር ፈጅቷል፣ መሠረቱን ለማደስ 6 ሚሊዮን ብር ይጠይቃል እንበል። የፖሊሲው ጣሪያ 2 ሚሊዮን ብር ቢሆን የቀረው 4 ሚሊዮን ብር በሸሪኮቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ጣሪያው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነው ወይስ ለዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ በድምሩ? የጠበቃና የባለሙያ ምርመራ ወጪ በጣሪያው ውስጥ ነው ወይስ ከእሱ ሌላ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሁለት እኩል የሚመስሉ ፖሊሲዎችን እጅግ ያለያዩአቸዋል።

ከዚያ በኋላ ፖሊሲው የማይከፍላቸው ነገሮች ይነበባሉ። በተለምዶ የማይከፈሉት ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ መቀጮ፣ ከሙያ ፈቃድ ደረጃ በላይ የተሠራ ሥራ፣ ፖሊሲው ከመገዛቱ በፊት የታወቀ ችግር፣ ከሕግ በላይ በውል የተሰጠ የተስፋ ቃል ናቸው። የመጨረሻውን ልብ እንበል። አሠሪን ለማስደሰት «ይህ ሕንጻ ለዘላለም አይሰነጠቅም» ብሎ በውል የፈረመ አርክቴክት፣ ኢንሹራንሱ የማይከተለው ቦታ ገብቷል ማለት ነው።

የሙያ ፈቃዱም ነገር ቀላል አይደለም። የ2001 ዓ.ም. የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል የሕዝብ መገልገያዎችን ቁመታቸው አጭር ቢሆንም በከፍተኛው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ስለዚህ «ባለ አንድ ፎቅ ብቻ ነው» ተብሎ የተናቀው ቤተ መጻሕፍት በሕግ ዓይን እንደ ቀላል ቤት አይታይም። ሥራውን ከመቀበል በፊት ሕንጻው በሥራ ላይ ባለው ሕግ በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ፣ የቢሮውም ፈቃድ ለዚያ መብቃቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቦንድም አንድ ቃል እንጨምር። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የጨረታ፣ የቅድሚያ ክፍያና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናዎችን ስለሚሰጡ፣ ቦንድ የያዘ ሰው ኢንሹራንስ የያዘ ይመስለዋል። አይደለም። በቦንድ የሚጠበቀው አሠሪው ነው፤ ኩባንያው ለአሠሪው የከፈለውን ገንዘብ ተመልሶ ከእኛ ይጠይቃል። ቦንድ ለሌላ ሰው የሚያዝ ጃንጥላ ነው።

፭. እውነቱን መናገር

የንግድ ሕግ ቁጥር 667 ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ኩባንያው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያዛል። ቁጥር 668 ደግሞ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ እንደሚፈርስበት ይናገራል። የምሳሌያችን ቢሮ ቦታው ዋልካ መሆኑን እያወቀ አረቦን እንዳይጨምርበት «ጠንካራ መሬት» ብሎ ቢጽፍ፣ በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ ሁሉ በወንፊት ውኃ እንደ መቅዳት ይሆናል። አደጋው ባልደረሰ ጊዜ ማንም አይጠይቀውም፤ በደረሰ ጊዜ ግን በመጀመሪያ የሚወጣው ያ ወረቀት ነው።

ከዚህም ጋር ፖሊሲው በየጊዜው የሚፈልጋቸው ግዴታዎች አሉ። ግድግዳው መሰንጠቁን የሰማ ቢሮ በፖሊሲው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለኩባንያው በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ኩባንያው ሳያውቅ «አዎን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እናድሳለን» ብሎ ቃል መግባት ብዙ ፖሊሲ ይከለክላል። የጎጃም ሰው በሽምግልና መጨረስን ይወዳል፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ኩባንያው ይነገረው።

፮. ገንዘብ አነስተኛ ሲሆን የቱን እናስቀድም?

አዲስ ቢሮ ሁሉን ሊገዛ አይችልም። የእኛ አሳብ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሕግ የሚያስገድደው ይገዛል። ቀጥሎ ቢሮውን ሊያጠፋ የሚችለው፣ ማለት የሠራተኞች ጉዳትና የሙያ ኃላፊነት፣ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ ሊያስቸግር እንጂ ሊያጠፋ የማይችለው የንብረት ጉዳት ይከተላል። ኮምፒዩተር የተሰረቀበት ቢሮ ተበድሮ ሌላ ይገዛል፤ የ6 ሚሊዮን ብር ፍርድ የተፈረደበት ግን የሚያበድረው አያገኝም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የሚታየውን ዕቃ እንዋሳለን፣ የማይታየውን ፊርማ እንተዋለን። አረቦኑ ከከበደ ጣሪያውን ከመቀነስ ይልቅ ከእያንዳንዱ ጉዳት ቢሮው ራሱ የሚሸከመውን የመጀመሪያ ድርሻ ከፍ ማድረግ ይሻላል። ትንሹን ጉዳት ራሳችን እንሸከም፤ ትልቁን እናካፍል።

ከአንድ ኩባንያ ብቻም አንጠይቅ። ከሦስት ኩባንያ በጽሑፍ ዋጋ ተቀብሎ ጎን ለጎን ማመሳከር ይገባል። ወኪል የኩባንያው ሰው ሲሆን፣ ደላላ ግን የሚሠራው ለኢንሹራንስ ገቢው ነው፤ ከማን ጋር እንደምንነጋገር እንወቅ። ወደ ኩባንያውም ስንሄድ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘን እንሂድ።

1. ፖሊሲው የሚሠራው ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ነው ወይስ ስሕተቱ በተፈጸመበት ጊዜ?
2. ወደ ኋላ የሚቈጠርበት ቀን መቼ ነው?
3. ጣሪያው ስንት ነው? ለአንድ ጥያቄ ነው ወይስ ለዓመቱ?
4. የክርክር ወጪ በጣሪያው ውስጥ ነው?
5. ከእያንዳንዱ ጉዳት እኛ የምንሸከመው ስንት ነው?
6. የአፈር ጠባይ ያመጣው ጉዳትና የግንባታ ቁጥጥር ሥራ ተሸፍነዋል?
7. በሥራው የተባበረን የውጭ መሐንዲስ ቢሳሳት እንሸፈናለን?
8. ቢሮው ቢዘጋ ምን ይሆናል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር እንዳይረሳ። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይመልሳል እንጂ ግድግዳ አያቆምም። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ቢወርድ የሚጎዱት ልጆች በአረቦን አይመለሱም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዋስትና አፈሩን ቈፍሮ መመርመር፣ ዋልካውን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም መሠረቱን ከሥሩ ወዳለው ጠንካራ መሬት ማውረድ፣ የዝናቡንም ውኃ ከግድግዳው ማራቅ ነው። የምርመራውን ውጤት፣ ለአሠሪው የተጻፈውን ማስጠንቀቂያና የቁጥጥሩን መዝገብ ቢያንስ ዐሥር ዓመት ጠብቆ ማቈየት ደግሞ ሁለተኛው ዋስትና ነው። ክርክር ቢነሣ የሚናገሩልን እነዚህ ወረቀቶች ናቸው። ኢንሹራንስ ሦስተኛው ነው፤ የሚያስፈልገውም ሁለቱን በደንብ ፈጽመን ሳለን እንኳ ሰው በመሆናችን ልንሳሳት ስለምንችል ነው።

በየክፍላችሁ ተሰብስባችሁ እንድትወያዩበት አንድ ጥያቄ ትተንላችኋል። በአገራችን የአንድ ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ሕንጻ ሲሠራ፣ የዐሥሩን ዓመት ኢንሹራንስ አረቦን መክፈል ያለበት ማን ነው? ነዳፊው፣ ተቋራጩ ወይስ አሠሪው? የፈረንሳዩን መንገድ ብንከተል የግንባታው ዋጋ ይጨምራል፤ ባንከተል ደግሞ ጉዳቱ አቅም በሌለው ትምህርት ቤት ላይ ይወድቃል። ነገ ንድፍ ላይ የምንፈርመው እኛው ስለ ሆንን መልሱን ከአሁኑ ብናስብበት መልካም ነው።